ደንገጎን የወጣው ሱቅ

ይሉኝታን የማይረግም ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ሳይርበው የበላ፣ ሳይወድ ሚዜ የሆነ፣ ሳያይ የመሰከረ ሁሉ ጥፋቱን የሚያላክከው በእሷ ላይ ነው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስረግማት ኖሬአለሁ። ነገር ግን አንድ ጊዜ የሰው ሱቅ ከነስኳሩ ስታድን በዓይኔ አይቻለሁና፣ ምስክርነቴን ሳልሰጥ ብሞት ነውር ይሆንብኛል። (ይኼም ራሱ ይሉኝታ ነው እንዳትሉኝ።)

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ነው። ያኔ ሾፌር ነበርኩ። ሾፌር ስል መኪና የሚነዳ ማለቴ አይደለም፤ መኪና አጠገብ የሚቀመጥ ማለቴ ነው። ጣሊያን ጥሏት የሄደ፣ ትሬንታ ኳትሮ የምትባል አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችኝ። ሞተሯ ደህና ነው። ጎንና ጎኗን የሚከልለው ስፖንዳ ግን የለም፤ እኔ እጅ ሳትገባ በፊት ማን ነቅሎ አልጋ እንደሠራበት እግዜር ይወቅ። ባቡር ከጅቡቲ የሚያመጣው ዕቃ ደግሞ በጆንያና በሳጥን ነው። ስፖንዳ በሌላት መኪና ላይ ስኳር በጆንያ ጭኖ ድሬዳዋንና ሐረርን የሚለየውን ደንገጎን የሚያህል ተራራ ለመውጣት የሚስማማ ነጋዴ አልተወለደም፤ ሐረር የሚደርሰው ነጋዴው ነው፣ ስኳሩ የዝንጀሮ ሲሳይ ይሆናል። ስለዚህ ሌሎቹ ጭነው ሲወጡና ሲወርዱ እኔ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለ ዛፍ ሥር እውላለሁ። የሚያልፈው ሁሉ "ዛሬም እዚሁ ነህ?" ይለኛል። "ጥላው ተስማምቶኝ ነው" እላለሁ።

ድሬን የማታውቋት ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከቀትር በኋላ ጫት ተይዞ ይቀመጣል፤ መቀመጡ በርጫ ይባላል። ቅጠሉ ወደ አናት ሲወጣ፣ ምርቃናው ሲመጣ ማለት ነው፣ ሰው ሁሉ ቸር፣ ደፋርና መሐንዲስ ይሆናል። በዚያች ሰዓት ደቻቱ ወንዝ ላይ ስንት ድልድይ ተሠርቷል መሰላችሁ! ስንት ልጃገረድ ታጭታለች! ታዲያ ሕግ አለው። በምርቃና የተገባ ቃል ፀሐይ ስትጠልቅ አብሮ ይጠልቃል። ካልጠለቀም በማግስቱ ጠዋት አንዱ ብቅ ይልና "አቦ፣ ትናንት እኮ ጫት ነበር" ይላል፤ ሌላውም "ወላሂ እኔም ልልህ ነበር" ይላል፤ ተሳስቀው ይለያያሉ። ይህች ንግግር ባትኖር ኖሮ ድሬዳዋ እርስ በርሷ ተካሳ ባለቀች ነበር።

ሮብሌ የሚባል ሱቀኛ ወዳጅ ነበረኝ። ከሚስቱ ከሐሊማ ጋር ደቻቱ ዳር፣ ከጣውላና ከቆርቆሮ በተሠራች አንዲት ሱቅ ውስጥ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ተምር፣ ላምባና ክብሪት ይሸጣሉ። መኝታቸውም እዚያው ከመደርደሪያው ጀርባ ነው። ደቻቱ በበጋ ግመል የሚተኛበት ደረቅ አሸዋ ነው። ክረምት ሲመጣ ግን ከተማው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ተራራው ላይ በዘነበ ዝናብ ድንገት ይደርስና ያገኘውን ጠራርጎ ይሄዳል። ባለፈው ክረምት ከሮብሌ በታች የነበሩትን ሱቆች ወስዷል። አሁን ተራው የሮብሌ ሱቅ ነው፤ ከእሷ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ ምንም የላቸውም። ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነው።

አንድ ቀን በርጫ ላይ ሮብሌ በረጅሙ ተነፈሰ። "ሐረር ብወጣ ነው የሚሻለኝ። ግን ሱቅ ማፍረስ፣ መልሶ መሥራት… ጣውላው ራሱ አርጅቷል፣ ከተነቀለ አይመለስም።" እኔ ያን ጊዜ ምርቃናው አናቴ ላይ ወጥቷል። "ለምን ታፈርሳለህ? እንዳለች እጭናታለሁ!" አልኩት። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ባሰብኝ። "ከነመደርደሪያዋ፣ ከነሚዛኗ! አንዲት ምስማር ሳትነቀል ሐረር!" ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሮብሌ ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው፤ ደንገጎን ሳያይ ነው እንዲህ ያለው።

ጠዋት ስነቃ ያልኩት ሁሉ ትዝ አለኝ። መላው ቀላል ነበር፤ ሄዶ "ትናንት ጫት ነበር" ማለት ብቻ። ግን ማን ይጀምር? ጭነት አጥቶ ከዛፍ ሥር የሚውል ሾፌር ጭነት ሲያገኝ ሸሸ ሊባል ነው። ሮብሌ መጥቶ ይበለኝ ብዬ ጠበቅሁት። አልመጣም። እንግዲያው መኪናዋን ይዤ ብሄድ ደንግጦ "ጫት ነበር" ይለኛል ብዬ አስነስቼ ሄድኩ። ሮብሌ መኪናዋን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ተያየን።

"መጣህ?" አለኝ።

"መጣሁ" አልኩት።

"ደህና" አለ። ከዚያ በኋላ ኩሊ ከመጥራት በቀር ምንም አልቀረንም። ሐሊማ ወጥታ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየችና "ወሪያ፣ ሁለታችሁም ጤነኛ ናችሁ?" ብላ ጠየቀች። ሁለታችንም ጤነኛ ነን አልናት። እሷም ወደ ሱቋ ተመልሳ ገባችና በሩን ከውስጥ ቀረቀረች፤ ስኳሬን ትቼ የትም አልሄድም አለች።

መኪናዋን ደረቁ ወንዝ ውስጥ አስገብቼ በኋላዋ ወደ ዳርቻው ሳስጠጋት፣ ጀርባዋና የሮብሌ ደጃፍ እኩል ሆኑ። ስፖንዳ የሌለው መኪና ጥቅሙ ያኔ ገባኝ። ኩሊዎቹ ከሱቋ ሥር ግንድ እያስገቡ፣ እየዘፈኑ፣ ሐሊማም ከውስጥ "ላምባው! ላምባው!" እያለች፣ ሱቋን አንከባለው ጫኗት። በገመድ ጠፈርናት። ድሬዳዋ ሥራ ፈትታ ወጥታ አየችን። ከጥላው ሥር ስውል ሲያሾፉብኝ የኖሩት ሁሉ ቆመው ነበርና፣ እውነቱን ልናገር፣ ፍርሃቴን ረስቼ ጥሩምባ ነፋሁ።

ደንገጎ ግን ጥሩምባ አይሰማም። በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ስንወጣ እንጨት ተሸክመው የሚሄዱ ሴቶች ቀደሙን። ሮብሌ፣ መኪናዋ ብትንሸራተት ጎማ ሥር የሚወረውረው ድንጋይ ታቅፎ፣ ከኋላ እየጸለየ በእግሩ ይከተላል። መሃል ላይ አንድ ባለግመል ሱቅ ተራራ ሲወጣ አይቶ ምንም ሳይገርመው ስኳር ጠየቀ። ሐሊማ መስኮቷን ከፈተች። "መታጠፊያ ላይ አልመዝንም፣ ሚዛኑ ያጋድላል። ቀጥ ሲል ጠብቀኝ" አለችው። ሰውየው ግመሉን እየሳበ ከጎናችን ሄደ፣ መንገዱ ቀጥ ሲል ተመዘነለት። ወሬው ከእኛ ፈጥኖ ተራራውን ወጣና በየመታጠፊያው ገዢ ይጠብቀን ጀመር።

ጫፍ ላይ፣ መንገዱ ወደ ሐረርና ወደ ቁልቢ ከሚለያይበት ሜዳ ስንደርስ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። የፍሪሲዮን ሸራ ነው፤ እሱ ከተቃጠለ ሞተሩ ቢሠራም ጎማው አይዞርም። መኪናዋ አንዴ አቃሰተችና ቆመች። ሸራው የሚገኘው አዲስ አበባ ነው፤ የሚመጣው ደግሞ እግዜር ሲፈቅድ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ራሴን ያዝኩ። ሮብሌ መሰላል ፈለገና መኪናዋ ላይ አስደግፎ ሱቁን ከፈተ።

ያ ወቅት የሐምሌ ገብርኤል ሊደርስ የተቃረበበት ነበር። ወደ ቁልቢ የሚሄደው ምዕመን በዝናብና በጭቃ ደንገጎን ወጥቶ ሲደክመው፣ ፊት ለፊቱ መኪና ላይ የተሰቀለ ሱቅ ያያል። ተአምር የመሰላቸውም ነበሩ። ሮብሌ ጧፍ ሳይቀር ከየት እንዳስመጣ አላውቅም። "አንተ እስላም ጧፍ ትሸጣለህ?" ብለው ሲቀልዱበት "እኛም ጂብሪል እንለዋለን፤ መልአኩ እንደሆነ አንድ ነው" እያለ ይመዝናል።

አንድ ጠዋት ከድሬ የመጣ ተሳላሚ ክብሪት ሲገዛ ሮብሌን አወቀው። "ደቻቱ ከትናንት ወዲያ መጣ" አለው። "አንተ የነበርክበት ዳር የለም። ሱቆቹ ማለቴ አይደለም። ዳሩ ራሱ የለም።" የሮብሌ እጅ ክብሪቱን እንደያዘ ቀረ። ሐሊማ እዚያው የሱቋ ወለል ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ክብረ በዓሉ ካለፈ በኋላ ሸራው መጣ። ገጠምኩና ሞተር አስነስቼ "በል፣ ወደ ሐረር!" አልኩ። ሮብሌ ከላይ፣ ከሱቁ ደጃፍ ላይ፣ ወደ ሐረር መንገድ አየ፤ ወደ ቁልቢም መንገድ አየ። "ሐረር ምን አለ?" አለኝ።

"እንግዲያው ውረድልኝ።"

"እንዴት ልውረድ? አንተ ቃል የገባኸው አንዲት ምስማር ሳትነቀል ሐረር ነው። ሐረር እስክደርስ ጭነትህ ነኝ። ጭነት ደግሞ መንገድ ላይ አይወርድም። እኔ እንደሆንኩ አልቸኮልኩም።"

ተናደድኩ። ተራራ ስንወጣ እንኳ ያልወጣኝ ቃል ያኔ አመለጠኝ። "ሮብሌ! ያ እኮ ጫት ነበር!" ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ሮብሌ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ወላሂ" አለኝ ሲረጋጋ፣ "ያን ጠዋት ይህችን መጥተህ እንድትለኝ ስጠብቅህ ነበር። ሌሊቱን አልተኛሁም። እኔ ልምጣና ልበልህ ብዬ ጫማዬን ሁሉ አጥልቄ ነበር። ግን በሰው ፊት ቃል ገብቶልኝ፣ ግንባሩን ስሜ፣ አሁን እንዴት እምቢ እለዋለሁ ብዬ አፈርኩ። አንተ ደግሞ መኪና ይዘህ መጣህ!" ከዚያ ቁልቁል፣ ድሬ ወዳለችበት ሜዳ፣ በአገጩ አሳየኝ። "ከሁለታችን አንዳችን ደፍረን ብንናገር ኖሮ እዚያ ነበርን።"

ምን እላለሁ? ሞተሩን አጠፋሁ። ሐሊማ በመስኮት ሻይ አቀበለችኝ፣ ስኳሩን አብዝታ። ሮብሌም ጉሮሮውን ጠረገና፣ በዓይኑ መሬት መሬት እያየ፣ "እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል ብቻ ታገሰኝ፤ ከዚያ በኋላ ወላሂ እወርድልሃለሁ" አለኝ። እንኳን ጫት፣ ቁርስም በአፌ አልዞረም ነበር። እምቢ ማለት እችል ነበር።

ይሉኝታ ይዞኝ እሺ አልኩ።