አስካለ ለምን እንደሞተች የሚያውቁ ሰዎች

በአገራችን የእግዚአብሔርን ሐሳብ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ምን ያህል እንደሆነ ማየት የፈለገ፣ ቤቱ ሐዘን ይግባበት። አይግባባችሁና! ከገባ ግን ታያላችሁ። የገዛ በቅሎው ትናንት የት እንዳደረች የማያውቅ ሰው፣ ዛሬ ድንኳናችሁ ውስጥ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ፣ ፈጣሪ ምን አስቦ ምን እንዳደረገ በዝርዝር ይነግራችኋል። ነገሩ ሲመከር አጠገቡ የነበረ ነው የሚመስለው። ንፍሮውንም እየቆረጠመ ነው ታዲያ።

እኔ ይህን ያየሁት አዳማ ላይ ነው። ናዝሬት የሚለው ስም ገና አልመጣም። ከተማ ብለን የምንጠራው ባቡር ጣቢያውን፣ እሱን ተጠግተው የተሠሩትን ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶችና ከእነሱ ወዲያ የተበተኑትን ጎጆዎች ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግራር ነው። ሥራዬ የጣቢያው ሚዛን ላይ ነበር። ከአርሲ በበቅሎ የሚመጣውን ቆዳና ቡና መዝኜ ወደ ፉርጎው አሳልፋለሁ። ሥራው ትንሽ ቢሆንም ኩራቱ ከባድ ነበር። ኮፍያ ነበረኛ!

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ወባ ገባ። መግባቱንስ በየዓመቱም ይገባል፤ የዚያን ዓመቱ ግን ቤት አልመርጥም አለ። ሚስቴ አስካለ ሰኞ «ብርድ ብርድ አለኝ» አለች፤ ዓርብ ቀበርኳት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር፤ ጥርሷ ግን ምንም አልነበረበትም።

ምክንያቱን ቀድመው የነገሩኝ ጎረቤቴ አቶ ንጋቱ ናቸው። «አየህ ተሰማ፣ እግዜር ጥሩ ጥሩውን ነው የሚወስድ» አሉኝ። አቶ ንጋቱ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ነበር የቀራቸው። ድንኳኑ ውስጥ የነበርነው ሁሉ፣ እስካሁን በሕይወት መቆየታችን ምን ማለት እንደሆነ እያሰላሰልን አንገታችንን ደፋን።

አንዲት ሴትዮ ደግሞ «ስለሚወድህ ነው የፈተነህ» አለችኝ። እንዲህ ከሆነስ ትንሽ ቢጠላኝ ምን ነበረበት? አልኩ፤ በሆዴ ነው እንጂ፣ ዳቦ ጋግራ ለመጣች ሴት እንዲህ ይባላል? ሌላው ሰውዬ የኃጢአቴ ውጤት መሆኑን በትሕትና ጠቆም አደረገኝ። የትኛው ኃጢአት እንደሆነ ግን አልነገረኝም፤ ራሴ እንድፈልገው ተወልኝ። ፈለግሁ። ሐዘንተኛ ኃጢአት ፈልጎ የሚያጣ እንዳይመስላችሁ። ሰኞ ጠዋት «ብርድ ብርድ አለኝ» ስትለኝ፣ «ልብስ ደርቢ» ብዬ ኮፍያዬን አድርጌ ወደ ሥራ መሄዴን አገኘሁ።

ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውኩ። ካድኩ ማለት አይደለም፤ አኮረፍኩ እንጂ። የካደ ሰው ተገላገለ፤ ወደ ሥራው ይሄዳል። ያኮረፈ ግን ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከዚያው ካኮረፈው ጋር ነው።

አርባዋ በወጣ ማግስት እትዬ ጫልቱ በሬን ገፍተው ገቡ። እትዬ ጫልቱ የጣቢያውን ፈረንጅ ልብስ የሚያጥቡ ባልቴት ናቸው። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ ሦስት ልጆቻቸውን ደግሞ ፈንጣጣ በአንድ ሳምንት ወስዶባቸዋል። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም የሚናገሩት እንደ ትእዛዝ ነው።

«ከኢ!» አሉኝ፤ ተነሥ ማለታቸው ነው። «ቆርቆሮ አለህ?»

«የምን ቆርቆሮ?»

«የላምባ። ውሃ የሚይዝ።»

እሳቸውም የራሳቸውን ምክንያት ይዘው የመጡ መሰለኝና ቀደም ልበላቸው አልኩ። «እትዬ፣ ሦስቱን ልጆችዎን እግዜር ለምን የወሰደብዎ ይመስልዎታል?» አልኳቸው። ክፉ ጥያቄ ነበር። ክፉ እንዲሆን ብዬ ነው የጠየቅሁት።

«አላውቅም» አሉ።

እስኪቀጥሉ ጠበቅሁ። አልቀጠሉም። ያ ሁሉ ሰው ሲገባና ሲወጣ ከርሞ፣ «አላውቅም» ሲል የሰማሁት እሳቸውን ብቻ ነው።

«ዕለት ዕለት እጠይቀዋለሁ» አሉ በኋላ፣ በዓይናቸው ቆርቆሮ እየፈለጉ። «ልጆቼን እንደማገኛቸው አምናለሁ። ያን ቀን እነሱን ከመሳሜ በፊት መልሱን እቀበለዋለሁ። አሁን ግን ከመጋዘኑ ኋላ ሰዎች በውሃ ጥም ሊሞቱ ነው።»

ከመጋዘኑ ኋላ የነበሩት ጭነት ሊያወርዱና ሐዲድ ሊጠግኑ ከወሎ የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ወባው አንድ ላይ ጥሏቸው፣ ከአንድ አሮጌ ፉርጎ ሥር በጥላው ተደርድረው ይንቀጠቀጣሉ። የከተማው ሰው አፍንጫውን ይዞ በሩቁ ያልፋል፤ በሩቁም ሆኖ ያዝናል። እኔም ከሚዛኔ አጠገብ ሆኜ አዝን ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ማዘን ሥራ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ባለኮፍያው ሰውዬ በጠራራ ፀሐይ ቆርቆሮ ተሸክሞ ውሃ ሲቀዳ ታየ። ውሃ መቅዳት የሴት ሥራ በሆነበት አገር ይህ ምን ያህል መሳቂያ እንደሚያደርግ ለእናንተ አልነግራችሁም። ኮፍያውን አወለቅሁት፤ ለቆርቆሮውም አልተመቸም። ውሃው ላምባ ላምባ ይል ነበር፤ ከበሽተኞቹ አንድም ቅር ያለው የለም። የወባውን ኪኒን የሚያመጡት እትዬ ጫልቱ ናቸው። ፈረንጁን «ኪኒን ካልሰጠኸኝ ሸሚዝህን ሳሙና አይነካውም» ብለውት፣ ሰውዬው ሁለት ቀን አስቦበት ሰጠ።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ሁለት ሰው ሞቶብን ተናደድኩ። «አልዓዛርን ያስነሣ ጌታ እነዚህን ማስነሣት አቃተው?» አልኳቸው እትዬ ጫልቱን።

«ወደ አልዓዛር መቃብር ሲሄድ መጀመሪያ ምን አደረገ?» አሉኝ፣ የአንዱን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ እየጠረጉ።

«አስነሣው።»

«ቸኮልክ። መጀመሪያ አለቀሰ። ይሄ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው ብሎ አልሰበከም፤ ቆሞ አለቀሰ። ቀጥሎ ድንጋዩን አንሡ አላቸው። ሙት የሚያስነሣ ጌታ ድንጋይ ማንሣት የሚያቅተው ይመስልሃል? ለእኛ የምትሆነውን ሥራ ሲተውልን ነው። በል፣ ያንን ሰውዬ በጎኑ አስተኛው።»

በጎኑ ያስተኛሁት ሰው ሰይድ ይባላል። ሚስቱም አጠገቡ ታማ ነበር። እሱ ላብ ላብ ብሎት ትኩሳቱ ሲለቀው እሷ ባሰባት፤ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሞተች። የከተማው ሙስሊሞች መጥተው ቀበሯት። ቀባሪዎቹ ሲመለሱ እትዬ ጫልቱ «ከሰውዬው ጋር ተቀመጥ» ብለውኝ ወደ ሌሎቹ ሄዱ።

ተቀመጥኩ። አሁን ጉዴን ስሙ። ያን ሁሉ አጽናኝ በሆዴ ሳብጠለጥል የከረምኩት ሰው፣ አፌን ስከፍት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ያገኘሁት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ጥሩ ጥሩውን…» የሚለው ነው! ከንፈሬን ነክሼ መለስኩት። ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ዝም አልኩ። ለካስ አቶ ንጋቱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዝምታ ያስፈራል።

ሰይድ እስከዚያ ቀን «ጌታው» እያለ ነበር የሚጠራኝ። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ «ያንተም ሞታለች አሉ» አለኝ።

«አዎ።»

«ስሟ ማን ነበር?»

«አስካለ።»

«የእኔ ዘይነባ» አለ።

በዚያ ሁሉ የሐዘን ሰሞን ስሟን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ የሚያውቋት ያውቁታል፣ የማያውቋት ምክንያቱን እንጂ ስሙን አይፈልጉትም። ከቀብሯ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። አንድ ሙስሊምና አንድ ኩርፈኛ ክርስቲያን ከአሮጌ ፉርጎ ሥር፣ በቀን ብርሃን፣ እንደ ሕፃን።

ወባው ብርዱ ሲገባ ተወን። ከተማው ግን ምክንያት አላለቀበትም። «አስካለን የወሰዳት አንተን ለእነዚህ ድውያን ሊያስነሣህ ነው!» ይሉኝ ጀመር፤ በደስታ ነው የሚሉት። እግዜር ውሃ ቀጂ ቢፈልግ ሰው ሳይገድል መጠየቅ ይችል ነበር፤ ቤቴንም ያውቀዋል። ውሃ መቅዳቴ አስካለ የሞተችበት ምክንያት አይደለም፤ ይህን ማንም አያሳምነኝም። ከሞተች በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት ከመኝታዬ ያስነሣኝ እሱ ነው። ውሃውን ስቀዳም ብቻዬን እንዳልነበርኩ አውቃለሁ። ማን አብሮኝ እንደነበረ ብትጠይቁኝ፣ ያው በአልዓዛር መቃብር ያለቀሰው ይመስለኛል እላለሁ፤ ከዚያ በላይ አልሰብክም።

ሰይድ ሲድን ሥራ ፍለጋ ወደ አቦምሳ ሊሄድ ተነሣ። ከመሄዱ በፊት «አስካለ ያለችበትን አሳየኝ» አለኝ። ወሰድኩት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመና መዳፎቹን ዘርግቶ በራሱ ጸሎት ጸለየላት። እንግዳ ሰው ለሚስቴ ሲጸልይላት እኔ ግንድ ሆኜ ልቆም ነው? አፈርኩና ካኮረፍኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርኩ። በአማርኛ፣ ቀስ ብዬ። «ፈቃድህ ትሁን» የምትለዋ ቦታ ስደርስ ቆምኩ። ሰይድ ጨርሶ ፊቱን በመዳፉ ሲያብስ እኔ እዚያው ነበርኩ።

ዛሬም፣ ቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ስጸልይ፣ እዚያች ቦታ ስደርስ እቆማለሁ። ካህኑም ሕዝቡም ቀድመውኝ ይሄዳሉ። እግዜር ግን አይቸኩልም፤ ይጠብቀኛል። ቆይተን ቆይተን፣ እኔም ሳልተው እሱም ሳይቆጣ፣ አንድ ላይ ወደ ዕለት እንጀራው እናልፋለን።