የቢንቢ ለቅሶ

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ግቢ ሰው በሙሉ ደጅ ወጥቶ አግዳሚ ላይ ከተቀመጠ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ሞቷል። ሌላ ምክንያት ይኖር ይሆን ብሎ ቆም የሚል መንገደኛ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኔ ግን ሌላ ምክንያት አግኝቻለሁ። ቢንቢ ትባላለች።

ድሮ ቢንቢ የቆላ ሰው ጣጣ ነበረች። ውቤ በረሃ ተወልጄ፣ እሪ በከንቱ አግብቼ፣ ስልሳ ዓመት አራዳ ላይ ስኖር የነከሱኝ ቁንጫ፣ ትኋንና የባሌ እናት ብቻ ነበሩ። አሁን ከተማው ሞቀ መሰለኝ፣ እሷም እንደ ሰዉ ሁሉ ኑሮ ፍለጋ አዲስ አበባ ገባች። ገብታም አልቀረች፣ እኛ ግቢ ተከራየች።

ለአንዲት ቢንቢ ይህን ያህል ምን ያንገበግብሻል ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። ያለችኝ አንድ ልጅ ምሕረት ናት፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷታል። ለአንዲት እናት ሠላሳ አራት ምን ማለት እንደሆነ እኔን ከመጠየቅ ጎረቤቶቼን ብትጠይቁ ይሻላል፣ ከኔ በላይ የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው። መስከረም ላይ ታዲያ ዳዊት የሚባል ወዳጇ ለእሑድ ስምንት ሰዓት ሽማግሌ ሊልክ ነው አለችኝ። ደስታዬን አልደብቅም፤ ጓዳ ገብቼ ብቻዬን እስክስታ መትቻለሁ። ችግሩ ቤቴ አንድ ክፍል ናት። አልጋውና ቡፌው ቦታቸውን ከያዙ በኋላ በቀረው ላይ ቢቆም ቢቆም አንድ ቀጭን ሽማግሌ ነው፣ የሚመጡት ደግሞ አራት ናቸው። ስለዚህ ማስተናገድ የምችለው ግቢው ውስጥ ነው። አንድ የተከበረ ሽማግሌ "ልጅዎን ለልጃችን" እያለ የገዛ አንገቱን በጥፊ ሲያጮል ታየኝና እንቅልፍ አጣሁ።

መላውን ያመጣችው ምሕረት ናት። የመሥሪያ ቤቷን ግቢ የሚረጭ ናሆም የሚባል ባለሙያ አለ አለች። ናሆም በዚያው እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት እመጣለሁ ብሎ አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ምሕረት በዚያን ጊዜ ፀጉሯን ልትሠራ ፒያሳ ወጥታ ነበር።

እኔ የመሰለኝ መርጫውን አዝሎ እንደገባ ግቢውን በጭስ አጥኖ የሚሄድ ነው። እሱ ግን መርጫውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ባትሪ አብርቶ፣ ሥርቻ ለሥርቻ ይፈትሽ ገባ። ለካ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያድነው ቢንቢዋን ሳይሆን ውሃዋን ነው። የምትፈለፈለው የቆመ ውሃ ላይ ነው፣ የጠርሙስ ክዳን የሚሞላ ውሃ ይበቃታል፣ ሳምንት አሥር ቀን ካገኘች ክንፍ አውጥታ ትወጣለች አለን። ከአበባው ሥር ያለውን ሳህን ደፋ። ያንን ማንም የኔ ነው የማይለውን ጎማ ገለበጠ። በቅጠል የታፈነውን አሸንዳ ጠረገ። ወደ በርሜሎቻችን ሲጠጋ ግን ቀድሜ ቆምኩበት። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ በሚልበት ሰፈር በርሜል ይደፋል እንዴ? ልጁ ግን ጨዋ ነው፣ ለበርሜል ስስ ጨርቅ ወጥሮ አፉን ማሰር ይበቃል አለኝ። ሊደፋ የማይችለው የፍሳሽ ጉድጓድ ላይ ደግሞ የቢንቢዋን ትል የሚገድል መድኃኒት በተነበት።

ጣጣው የመጣው ከማድ ቤቱ ጀርባ ነው። እዚያ የእድራችን ድስቶችና አግዳሚዎች ይቀመጣሉ። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲጠጡ የከረሙ ድስቶች ናቸው። ናሆም በጭልፋ ቀድቶ ሲያሳየን ጥቃቅን ትሎች ይጥመለመላሉ፤ ለሐዘንተኛ ወጥ በምንሠራበት ድስት። ይደፋ አለ። የእድሩ ንብረት ኃላፊ ጎረቤቴ ጋሽ ሰዒድ ናቸው። ያለ ኮሚቴ ውሳኔ የእድር ዕቃ አይነካም አሉ። ኮሚቴው ለመሰብሰብ ብቻ ወር ይፈጅበታል፣ እኔ የቀረኝ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ መልሼ ለመንኳቸው። በመጨረሻ ናሆም፣ የምረጨው መድኃኒት ሰው የሚበላበት ዕቃ ላይ ማረፍ የለበትም ሲላቸው ደነገጡ። እዚያው ቆመው ኮሚቴውን ብቻቸውን ሰበሰቡና፣ ውሃው ተደፍቶ ድስቱም አግዳሚውም ከግቢ ይውጣ ብለው በሙሉ ድምፅ ወሰኑ።

ቀጥሎ የወጣነው እኛ ነን። ቢንቢ ቀን ቀን ጥላ ፈልጋ ቅጠል ሥር፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ አጥር ጥግ ትተኛለች። መድኃኒቱ እዚያ ተረጭቶ ይደርቃል፣ እሷም ስታርፍበት ትሞታለች። ያበበ ነገር አይረጭም፣ ንብ ይጨርሳል። እስኪደርቅ ድረስ ግን ሰውም ድመትም ግቢ ውስጥ ዝር እንዳይል አለን። ስድስት አባወራ ተጠራርገን ወጣንና ደጁ ላይ፣ ከድስቶቹ አጠገብ፣ አግዳሚው ላይ ተደረደርን። ነፋሱ ሽታውን በአጥር ላይ ሲልክብን በነጠላችን አፍንጫችንን ያዝን። ዓይናችን ያለቅስ ጀመር።

እንዲህ ሆነን ነው ወይዘሮ አስካለ ያገኙን። ወይዘሮ አስካለ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የሚኖሩ የእድራችን አባል ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነበር። የእድር ድስት ደጅ ወጥቷል፣ ሰዉ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ እንባውን ይጠርጋል። ሌላ ምን ይበሉ ታዲያ? ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ መጡ።

እያለቀሰ የመጣን ሰው ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ በኛ ዘንድ ነውር ነው። መጀመሪያ አብረው ያለቅሳሉ፣ ማንነቱ ቀስ ተብሎ ይጣራል። እኔ የጋሽ ሰዒድ ዘመድ የሞተ መሰለኝ። ጋሽ ሰዒድ የኔ ዘመድ መሰላቸው። የእድር ሹም ሆነው ሞት ሳይሰሙ መቅረታቸው ሳያሳፍራቸው አልቀረም፣ ተነሥተው አግዳሚዎቹን በወጉ ያስተካክሉ ጀመር። እኔም አለቀስኩ። ለማን እንደሆነ ባላውቅም ዓይኔ ቀድሞ ስለጀመረ ብዙ አልተቸገርኩም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መንገዱ በለቀስተኛ ተዘጋ።

የዳዊት ሽማግሌዎች መንገድ ይዘጋብናል ብለው ሰግተው በሰባት ሰዓት ደረሱ። ከዚያ በፊት አይቻቸው ስለማላውቅ ለቀስተኛ መስለውኛል። ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ እነዚህ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡና አቀረቀሩ። መሪያቸው ከደሴ የመጡ ረጅም ሰው ናቸው። በኋላ እንደተነገረኝ፣ ማን እንዳረፈ ወይዘሮ አስካለን በጆሯቸው ጠየቋቸው። ወይዘሮ አስካለ አያውቁም፣ ያን ሁሉ አልቅሰው ደግሞ አላውቅም እንዴት ይበሉ? አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር ቃኙት። ከግቢው ሰው የጎደለችው አንዲት ብቻ ናት። ምሕረት ናት አሏቸው።

የደሴው ሽማግሌ ለዳዊት ስልክ ደወሉ። ከዚያ መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ስለ ልጄ ይነግሩኝ ጀመር። ጨዋ ነበረች፣ አስተዋይ ነበረች፣ ለቤታችን ክብር ነበረች አሉኝ። ለካ የዳዊት ሽማግሌ ናቸው፤ እንዴት ያለ አንደበት ነው፣ ልቤ ቅልጥ አለ። "ነበረች" ያሉት የገባኝ ዘግይቶ ነው። ጠዋት ፀጉሬን ልሠራ ብላ የወጣች ልጅ ናት። ይህ ሁሉ ሰው የሚያለቅሰው ለኔው ነው፣ ሳይነግሩኝ የቀሩት እኔን ብቻ ነው አልኩ። ያን ጊዜ ያወጣሁት ጩኸት ከመድኃኒቱ አልነበረም።

በዚህ መሐል አንድ ታክሲ ቆመና ዳዊት በአንድ እግሩ ብቻ ጫማ አድርጎ ወጣ። "ሚስቴን፣ ሚስቴን" እያለ መሬት ላይ ወደቀ። ከኋላው ምሕረት በእግሯ መጣች፣ ፀጉሯ ተሠርቶ ያምራል። ማን ሞተ ብላ ጠየቀች። ያን ዕለት ይህን ጮክ ብሎ የጠየቀ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ዘልዬ አቀፍኳት፣ ሳምኳት፣ ነካክቼም አረጋገጥኩ። ዳዊት እግሯን ይዞ አለቅም አለ።

ለቅሶው ቀስ በቀስ ሲበርድ የደሴው ሽማግሌ እንባቸውን ጠርገው፣ ቅድም ስትመጣ ምን እያልክ ነበር የመጣኸው ብለው ዳዊትን ጠየቁት። ምሕረት ናት የመለሰችው፤ ግንቦት ላይ ተፈራርመናል አለች። እኔ መስከረም ላይ ጓዳ ገብቼ እስክስታ ስመታ ልጄ የአራት ወር ሚስት ነበረች ማለት ነው። አሁን ያቀፍኳትን በጥፊ ልበላት ወይስ መልሼ ልሳማት? ሁለቱንም አደረግሁ።

ናሆም በሩን ከፍቶ ደርቋል፣ መግባት ይቻላል አለን። ገባን። እውነቱን ለመናገር አንዲት ቢንቢ አልነበረችም። አራቱ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ተሰልፈው ቆሙ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። የደሴው ሰው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል አሉኝ።

የሴት ወገን እሺ አይልም፣ ወጉ ነው። እኔም ቤተሰብ ተማክሮበት ሌላ ቀን ተመለሱ አልኳቸው። ምን ያስቸኩለናል? ልጆቹ እንደሆኑ ተጋብተዋል።