ኤሩዌራና የማታልቀው ጀልባ

«የምፈልገውን አውቃለሁ» ብሎ ወርክሾፓችን የሚገባ ሰው ሁሉ የሚፈልገውን አያውቅም። ይኼ ሕግ ነው። እኔና ባለቤቴ ራስል እዚህ ኦፖቲኪ በምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ ወንዙ ዳር፣ የአሉሚኒየም ጀልባ ስንሠራ አርጅተናል፤ ሕጉ አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ አያውቅም። «እኔ እንጃ፣ እናንተ እንዳያችሁት አድርጉት» የሚለው ደንበኛ ጀልባውን በቀጠሮው ቀን ጎትቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል። «የምፈልገውን አውቃለሁ» ባዩ ሲመጣ ግን እኔ ሻይ እጥዳለሁ። ቤተኛ ሊሆን ነዋ!

እናንተም ታውቁታላችሁ። ልብስ ሰፊ ዘንድ እጅጌው አንዴ ይጠር፣ አንዴ ይርዘም የሚለው እሱ ነው። ቤት ሲያሠራ፣ መስኮቱ ከተገጠመ በኋላ «ፀሐይዋ እኮ በዚህ በኩል ነው የምትወጣው» ብሎ ግንበኛውን የሚያስለቅሰውም እሱ ነው። የእነዚህ ሁሉ ሊቀ መንበር፣ የወንበራቸው ባለቤት፣ ክቡር አድሚራል ኤሩዌራ ይባላል። አድሚራልነቱን የሾምኩት እኔ ነኝ። በሥራው ግን ከወረቀት ፋብሪካ በጡረታ የወጣ፣ በር ሲያልፍ ጎኑን አዙሮ የሚገባ፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ግዙፍ ሰው ነው።

ኤሩዌራ መጀመሪያ የመጣው ከእናቱ ጋር ነው። ናኒ ኩዊኒን አገሩ በሙሉ ናኒ፣ አያታችን፣ ይላቸዋል፤ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ላባ የተሰካበት ጥቁር ባርኔጣ ከራሳቸው የማይወርድ እመቤት ናቸው። ልጃቸው ስለ ጀልባ ርዝመትና ስለ ሞተር ጉልበት ሲያወራ ትንሽ ታገሡና ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ ደቅ አደረጉ።

«ስማኝ ልጄ» አሉ ራስልን። «ሟቹ ባለቤቴ ከዚህ ከምትታየው ደሴት ማዶ፣ ጥልቁ ላይ፣ ሃፑካ የሚያወጣበት ቦታ ነበረው። ትልቅ ዓሣ! ጭንቅላቱ ብቻ ቤተሰብ የሚያጠግብ። የዚህ ልጅ አሮጌ ጀልባ እስከዚያ አይደፍርም። እኔ ደግሞ በሣጥን ተጭኖ የመጣልኝን ዓሣ አልፈልግም፤ ሄጄ በእጄ ነው የማወጣው። ሐኪሙም ቄሱም በሐዘኔታ ዓይን ሊያዩኝ ጀምረዋል። ያንን ዓሣ ሳላወጣ አልሞትም!»

ራስል «እም» አለ። ባለቤቴ ሲደሰት «መጥፎ አይደለም» ይላል፤ ለሌላው ሁሉ «እም» ይበቃዋል። የእኔ ሥራ የጀልባዎቹን ወንበሮች ትራስ መስፋትና እሱ የማይናገረውን መናገር ነው። ስለዚህ እኔ ተናገርኩ፦ «ናኒ፣ አያስቡ፤ ለገና ትደርሳለች።»

ኤሩዌራም በለስላሳ ድምፁ «አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ» አለ። እንግዲህ ያቺ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ራስል አንዲት ላሜራ ከመቁረጡ በፊት ጀልባዋን በሙሉ መጠኗ ወለሉ ላይ በጠመኔ ይስላታል። ከዚያ ባለቤቷን «እስኪ ኑርባት» ይለዋል። ሌላው ደንበኛ ገባ ብሎ፣ ወዲያ ወዲህ ብሎ፣ አፍሮ ይወጣል። ኤሩዌራ ግን እውነትም ኖረባት። ከቤቱ ሁለት የወጥ ቤት ወንበር አምጥቶ እናቱን አስቀመጠ፤ የተጠበሰ ዳቦና የተቀቀለ ስኳር ድንች ይዘው ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ሲያጠምዱ ዋሉ። እኔ ሻይ ይዤ በአቋራጭ ልግባ ስል ናኒ ጮኹብኝ።

«አንቺ ልጅ! ውሃ ላይ እኮ ነው የምትሄጂው! ዞረሽ በኋላ በኩል ግቢ!»

ዞሬ ገባሁ። ሻዩ ሲያልቅ ኤሩዌራ የመሪውን ቦታ ወደ ግራ አዛወረ። በማግሥቱ ወደ ቀኝ መለሰው። በሳምንቱ መሪው ቀርቶ የእናቱ ወንበር ከሱ ፊት ይሁን ከጎን የሚል ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩ ደግሞ ከራሱ ጋር ነው። ራስል ያንን ወለል ያጠበውን ያህል ገላውን አልታጠበም ብል ማጋነን አይሆንም።

እንደ ምንም ብየዳው ተጀመረ። ያን ጊዜ ደግሞ የሙዙ ነገር መጣ። ጀልባ ላይ ሙዝ አይወጣም፤ ሙዝ ያለባትን ጀልባ ዓሣ አይቀርባትም፣ ይኼን የእኛ አገር ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ራስል ርቦት ጀልባዋ ውስጥ ቁጭ ብሎ አንድ ሙዝ በላ። ልጣጩን እዚያው ረሳው። ኤሩዌራ ገብቶ ሲያይ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ራስል! ወንድሜ! ምን አደረግከን?»

«እም።»

«ጀልባ እኮ አልሆነችም ገና!» አልኩ እኔ። «ግማሽ ቆርቆሮ ናት!»

«እሱማ የባሰ ነው እህቴ። ሕፃን እያለች ነዋ የተመረዘችው። አጎቴ መጥተው ካልጸለዩባት ሥራው አይቀጥልም።»

አጎትየው ደግሞ ዘመድ ጥየቃ ወደ አገራችን ደቡባዊ ደሴት ወርደዋል። እስኪመለሱ ተጠበቀ። ተመልሰው ሲጸልዩ ኤሩዌራ ዓይኑን ጨፍኖ «አሜን» አለ፤ ዓይኑን ሲገልጥ «አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ» አለና የኩባያ ማስቀመጫዎቹን አስነቀለ። የእናቱ ኩባያ ጆሮ አለው፤ ለጆሮው ቦታ አልተተወለትም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። በኤሩዌራ ጀልባ ጊዜማ እንቁላሉ ተፈልፍሎ፣ አድጎ፣ በእግሩ ሄዶ፣ አርጅቶ ተመለሰ። ገና መጣና አለፈ። «ለፋሲካ» አልን። ፋሲካም መጣና አለፈ። ከዚያ ክረምቱ ገባና ናኒ ደረታቸውን ታመሙ።

ያን ጊዜ ነው እውነት የፈራሁት። ሾርባ ይዤ ሄድኩ። ናኒ አልጋ ላይ ባርኔጣቸውን አድርገው ተኝተዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ሐኪሙ በሩ ላይ ራሱን ነቅንቆብኛል። እጃቸውን ያዝኩ።

«ጀልባዋ አለቀች?» አሉ በቀጭን ድምፅ።

«ትንሽ ቀራት፣ ናኒ።»

«እንግዲያው አልሞትም» አሉና ሾርባዬን ቀመሱ። «ጨው የለውም።»

እያነባሁም እየሳቅኩም ተመለስኩ። ወርክሾፑ ስደርስ ማን ቆሟል? ክቡር አድሚራል! የጀልባዋን ጣሪያ ሽቅብ እያየ ነው። «አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ፤ ጣሪያው የእማዬን ባርኔጣ ላባ ይነካል፤ ትንሽ ከፍ ቢል?» ሲል ደሜ ፈላ።

«አንተ ሰውዬ ልብ የለህም እንዴ? እናትህ እዚያ ትንፋሽ አጥሯቸው እየጠበቁ፣ አንተ እዚህ ለላባ ቤት ትሠራለህ? ይቺ ጀልባ አሁን ካልወጣች ማንን ልትጭንባት ነው?»

ዓይኑን ወደ ጫማው ጣለ። ከዚያ ይበልጥ በለሰለሰ ድምፅ «ትንሽ ከፍ ቢል ብዬ ነው እህቴ» አለ። ራስል ጣሪያውን ነቅሎ ከፍ አደረገው። ናኒም ዳኑ።

በጋው ሲመጣ፣ ጉድ ነው፣ የሚለወጥ ነገር ጠፋ። ኤሩዌራ ጀልባዋን ዞሮ ዞሮ አያት፤ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣውም። ራስል እጁን እየጠረገ ራቅ ብሎ ተመለከታትና «መጥፎ አይደለም» አለ። እኔ እልል ማለት ቀረኝ።

ለመውጫዋ ቀን መላው ዘመድ መጣ። አጎትየው ለጸሎት፣ አክስቶቹ ለመዝሙር፣ የወንድሞቹ ልጆች ደግሞ ለምግቡ። ጀልባዋ ተጎታቹ ላይ ወጣች፤ መኪናው ቀስ ብሎ ሳበ፤ አፍንጫዋ በሩን አለፈ፤ ከዚያ ጓ! ጣሪያዋ ከበሩ ጉበን ጋር ተላተመ። ራስል በሩን የለካው ጣሪያው ለባርኔጣው ተብሎ ከፍ ሳይል በፊት ነዋ። ራስል ጉበኑን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ጆሮው ቀላ።

«ጥፋቱ የባርኔጣዬ አይደለም» አሉ ናኒ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

እኔ ግን ኤሩዌራን ነበር የማየው። ፈገግ ብሏል! ሰው ይህን ያህል ጠብቆ፣ ጀልባው በር ላይ ተሰንቅራ፣ ፈገግ ይላል? «ምን ይደረግ፤ ጣሪያውን አውልቀን ለከርሞ ቀስ ብለን...» እያለ ወደ ጓሮ ሲሄድ ተከተልኩት። ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል።

«ደስ ብሎሃል!» አልኩት። «ጥርስህን አይቼዋለሁ፤ እንዳትክድ!»

መሬት መሬት እያየ ተናዘዘ። «እህቴ፣ እማዬ ቃሏን አጥፍታ አታውቅም። ሳላወጣ አልሞትም አለች። ባለፈው ክረምት ሐኪሙ አበቃላት ብሎ ነበር። አልሞተችም። ለምን? ጀልባዋ አላለቀችማ! ታዲያ እኔ ልጇ እንዴት ብዬ ልጨርሳት?»

ለካ ያ ሁሉ ኩባያ፣ ያ ሁሉ መሪ፣ ያ ሁሉ ላባ እናት ማቆያ ኖሯል! ያ ግዙፍ ሰውዬ ባልዲ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አፍንጫውን ሲጠርግ አንጀቴን በላው። አጠገቡ ሌላ ባልዲ ገለበጥኩና ተቀመጥኩ።

«ኤሩዌራ!»

ናኒ ከኋላችን ቆመዋል። መለከት የማይሰማው ጆሯቸው ስለ እሳቸው ሲወራ ግድግዳ ያልፋል።

«አቤት እማዬ።»

«እኔ ሳላወጣ አልሞትም አልኩ እንጂ ባወጣሁ ማግሥት እሞታለሁ አልኩ? ማን ነው እንዲህ ያለህ? ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚያሳድገው ልጅ ይኼን ያህል ሞኝ ይሆናል? ተነሥ! ጀልባዬን አውጣልኝ!»

ከተጎታቹ ጎማዎች ነፋስ አስወጣን፤ ጀልባዋ ዝቅ አለች፤ የአንዲት ጣት ያህል ቀረ። አንዱ ጎረምሳ ጉበኑ ይቆረጥ አለ። ጉበኑን ያቆሙት የራስል አባት ናቸው፤ ራስል «እም» ሲለው ጎረምሳው ወደ ኋላ ሸሸ። ያን ጊዜ ናኒ ምርኩዛቸውን ወደ ዘመዶቻቸው ዘረጉ።

«ምን ገትሯችኋል? ውጡባት!»

የናኒ ዘር ቀጭን ሰው አያውቅም። አክስቶቹ ወጡ፤ አጎትየው ወጡ፤ ራግቢ የሚጫወቱት የወንድም ልጆች ወጡ፤ እኔም ትራሴ ላይ ተቀመጥኩ፤ በመጨረሻ ኤሩዌራ ወጣ፤ ጀልባዋ ቃተተች። ኋላ ላይ የነበሩት ራሳቸው ጉበኑን እንዳይነካ እንደ ማገዶ ተደራርበው ተኙ። አክስቶቹ ከሥር ሆነው መዝሙር ጀመሩ። መኪናው ሳበ፤ ጣሪያው ጉበኑን እንደ መሳም ብሎ አለፈው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ውፍረቴ ጠቀመኝ፤ ዛሬም ድረስ ለሐኪሜ እነግረዋለሁ።

ባሕሩ ሲረጋ ጠብቀን እኔ፣ ናኒና ኤሩዌራ ወጣን። በመንገዳችን የተያዘውን የመጀመሪያ ዓሣ ናኒ እንደ ወጉ ለባሕሩ ጌታ ለታንጋሮአ መለሱለት። ከደሴቲቱ ማዶ፣ ባለቤታቸው ያጠምዱበት ቦታ ስንደርስ፣ ገመዳቸውን ወደ ጥልቁ ለቀቁ። ብዙም አልቆየ፤ የማጥመጃ ዘንጋቸው ጎበጠ። ኤሩዌራ ሊረዳቸው እጁን ሲዘረጋ በክርናቸው መቱት። እየሳቡ፣ እያረፉ፣ እየተሳደቡ፣ ያንን ግዙፍ ሃፑካ አወጡት። ኤሩዌራ ዓሣውን አላየም፤ እናቱን እያየ እንባው ይወርዳል።

«ምን ያስለቅስሃል?» አሉት። «ዓሣው እኮ ነው የሞተው።»

ከዚያ ጉዞው ወደ ቤት ሆነ። ናኒ ዓሣው አጠገብ ተቀምጠው ማዶ ማዶ ያያሉ፤ ኤሩዌራ መሪውን ይዞ ባርኔጣቸውን ያያል። የተባለው ሁሉ ተፈጽሟል። ስንደርስ ራስል ገመዳችንን ተቀብሎ አሰረ። ናኒ ለመውረድ አልተነሡም። ወንበራቸውን ዳሰሱ፤ ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ወደ ግራ ዘንበል አሉ።

«ራስል፣ ልጄ» አሉ። «አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ።»

ኤሩዌራ ትንፋሹን ያዘ።

«ይቺ ወንበር ያለቦታዋ ነው ያለችው። ዓሣው የመጣው በቀኝ ነው፤ አንገቴን አመመኝ። ወደዚያ ትዙርልኝ። ለከርሞ ስንወጣ በቀኝ ነው የምቀመጠው።»

ራስል ጆሮው ድረስ ፈገግ ሲል አየሁት። እኔ ያቺን «አንዲት ትንሽ ነገር» በሰማሁ ቁጥር ፀጉሬን ስነጭ የኖርኩ ሴትዮ፣ ጠመኔ ላመጣ እየሮጥኩ ነበር። ወርክሾፑ በር ላይ ዞር አልኩና ጮኬ ነገርኳቸው።

«ናኒ፣ ይኼ እንኳ ጊዜ ይወስዳል!»

«ይውሰዳ!» አሉ።