ሐኪም ያዘዘልኝ ዛፍ

እኔ ስለ አየሩ ጠባይ አላወራም። መንገድ ላይ አግኝታችሁኝ «ዛሬ ደመናው ከብዷል» ብትሉኝ «እግዜር ያውቃል» ብዬ አልፋለሁ። ባለቤቴ «ዝናቡ የሚመጣ ይመስልሃል? ልብሱን ላስገባው?» ስትለኝ እንኳ ዝም ብዬ ወጥቼ ልብሱን አስገባለሁ እንጂ አልመልስላትም። ኩራት አይምሰላችሁ። ምክንያት አለኝ። የማትቸኩሉ ከሆነ ላጫውታችሁ።

ነገሩ አዲስ አበባ ላይ የታኅሣሡ ግርግር ከሆነ በኋላ ነው። እኛ ጎንደር ያለነው ተኩሱን አልሰማንም። ዝምታው ግን ደረሰን። ተኩስ የሰማ ሰው ቢያንስ መቼ እንዳቆመ ያውቃል፤ ዝምታን መቼ አቆመ ይሉታል? ያን ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ቅኔ ቤት አራት ዓመት ተቀምጬ፣ የቆሎ ተማሪነቱ ሲመረኝ ወደ ደመወዙ የሸሸሁ ሰው ነኝ። ከጎኔ ጨዋታ የሚወድ አንድ ባልደረባ ይቀመጥ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ብገባ ወንበሩ ባዶ ነው። «ታሞ ነው» አሉን። ማክሰኞ ወንበሩም የለም። ሰውዬው ታመመ እንበል፤ ወንበርም ይታመማል? እኔ አልጠየቅሁም። ማንም አልጠየቀም። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለም አበው?

ከዚያ ወዲያ ሆዴ ምግብ እንቢ አለ። እንቅልፍም እንደዚያው። ፒያሳ ላይ ከኋላዬ የሚሄድ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» ማለት ትቼ እርምጃዬን የማፈጥን ሆንሁ። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ሆዴን ነካ ነካ አደረገና «ምን የምታስበው ነገር አለ?» አለኝ። «እኔ? ምንም አላስብም!» ብዬ ከአልጋው ዘልዬ ተነሣሁ። ሰውዬው ራሱ ደነገጠ። ወደ በሩ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ደጋ እንድወጣ፣ ሬዲዮ እንዳልሰማ፣ ጠዋትና ማታ ዛፍ እንዳይ ነገረኝ። መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ ዛፍ። ወረቀት ላይ ግን አልጻፈልኝም።

ፋሲካ እንዳለፈ ፈቃድ ወሰድሁና በጭነት ማኪና ዳባት ድረስ ሄድሁ። ከዚያ ግማሽ ቀን በእግሬ ገስግሼ አያ ታከለ ዘንድ ደረስሁ። አያ ታከለ የእናቴ ያጎት ልጅ ናቸው፤ ገበሬ፣ ረጅም፣ ከሰው ይልቅ ከበሬዎቻቸው ጋር ብዙ የሚያወሩ። ጎጇቸው ከደብሩ ቅጥር በታች አፋፉ ላይ ነው። ከጎጆው ራስ በላይ፣ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው የኮሶ ዛፍ ቆሟል። የደብሩ ዛፍ ነው። ቅርንጫፉ ላይ ያደገው ሽበት የመሰለ የዛፍ ጢም በነፋሱ ሲወዛወዝ ስታዩት «ተነሥቼ እጅ ልንሣ» ያሰኛችኋል።

እና ምን ልበላችሁ፣ ዳንሁ። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሲረግፍ ግንዱን ተደግፌ እቀመጣለሁ። ከታች ገደል ነው፤ ከገደሉ ጉም ይወጣል፤ ከጉሙ ውስጥ የጭላዳ ጩኸት ይሰማል። ጭላዳ ምን ይላል? ምንም አይልም። ይጮኻል እንጂ ማንንም አይከስም። በሁለተኛው ቀን ያቀረቡልኝን የገብስ እንጀራ ጨረስሁ። በሦስተኛው ቀን ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ፤ ከታኅሣሥ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ነፍሴ ስትመለስ ዓይኔም አብሮ ተመለሰ መሰለኝ፣ አንድ ጠዋት ዛፉን በደንብ አየሁት። መታ አደረግሁት፤ እንደ ከበሮ ጮኸ። ከሥሩ በኩል አንድ ሽንቁር ነበር። እጄን ሰደድሁ፤ እስከ ብብቴ ገባ። ከውስጥ ስዘግን የወጣው እንጨት አልነበረም፣ ዱቄት ነው። ቀና ስል ዛፉ ወደ ጎጆው አዘንብሏል። አያ ታከለን ጠራሁና አሳየኋቸው። «አያ፣ ይህ ዛፍ ክረምቱን አይወጣም። ጎጆው ላይ ይወድቅብዎታል» አልኋቸው።

ዱቄቱን በመዳፋቸው አሽተው እፍ አሉት። «ሸጋ አየህ፣ ልጄ። እኔ መቁረጡ መች ጠፋኝ፤ ግና የደብር ዛፍ ነው፣ ያለ ሽማግሎች ፈቃድ ምሳር አይነካውም። አንተ የተማርህ ነህ፣ እሑድ ተነሥተህ ንገርልኝ» አሉኝ። እስከዚያው ለማንኛውም ብለው ለአዲስ ጎጆ ቦታ መደልደል፣ እንጨት መከመር ጀመሩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጧል። ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው ይዞራል። የደብሩ መሪጌታ በላይ በኩል ነበሩ፤ በቅኔ የታወቁ ሰው ናቸው፤ «ውሃ አምጡልኝ» ብትሏቸው ውሃው የማን ምሳሌ እንደሆነ የሚያስቡ። አያ ታከለ ጎሸም አደረጉኝ። ተነሣሁ። አፌ ከቅኔ ቤት ጀምሮ ማሳመር ይወዳል፣ ምን ላድርገው? እንዲህ አልሁ፦

«አባቶቼ፣ ይህ ዛፍ ከውጭ ሲያዩት ግርማው ያስፈራል። ውስጡ ግን ነቅዟል። ዕድሜውን ጨርሷል። በጥላው ሥር ያሉትን ሳይጨርስ፣ ቀን ሳለ እኛው ተባብረን ብንጥለው ይሻላል።»

ዋንጫ ወደ አፉ ያነሣ ሰው እንዳነሣ ቀረ። በመካከሉ መሪጌታው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁና «ይበል!» አሉ።

ይበል! ቅኔ ሲያምር የሚባለው! ያን ጊዜ የተናገርሁትን ራሴ ሰማሁት። «የለም፣ የለም፣ ዛፉን ነው! ይኸን ኮሶውን!» አልሁ። «ኮሶ!» አሉ መሪጌታው፤ «ከዛፍ ሁሉ መራራውን! ይበል፣ ይበል!» አንዱ ጥጃ አልፈታሁም ብሎ ተነሣ። ሌላው ሚስቱ እንዳመማት ትዝ አለው። ጥቂት ቆይቶ ከኔና ካያ ታከለ በቀር የቀረው ዳቦው ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ አፋፍ ላይ ቆሜ ነው የተናገርሁት።

ረቡዕ የወረዳው ሹም አስጠራኝ። አልጮኸብኝም፣ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። እንድቀመጥ ወንበር አሳየኝ። ወንበሩን ሳየው የባልደረባዬ ወንበር ትዝ አለኝና ቆሜ መቅረቱን መረጥሁ። ስለ አንድ ዛፍ ተናግረሃል ይባላል አለኝ። አዎ አልሁ። «የትኛው ዛፍ?» አለኝ። ምን ይባላል? ሰም እንጂ ወርቅ የለውም ብዬ ምዬ ተገዘትሁ። ሹሙ ግን እሱም የጎንደር ሰው ነው፤ ወርቅ የሌለው ነገር ተናግሮ የሚያውቅ ደብተራ አላየም። «እንግዲያው ዛፉ ይወድቃል ነው የምትለው?» አለ፣ ብዕሩን እያነሣ።

«አይወድቅም ጌታዬ! ተሳስቼ ነው። ዛፉ ጤነኛ ነው። ሥሩ የጸና ነው። ሺህ ዓመት ይቆማል!» አልሁ።

ብዕሩን አስቀመጠ። ይህንኑ በመጪው እሑድ በዚያው ጉባኤ ፊት ብትደግመው ሸጋ ነው አለኝ። እሑድ ደገምሁት። የመንደሩ ጭቃ ሹም፣ ሰምቶ ለሹሙ እንዲያደርስ ታዝዞ፣ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ድምፄ ምንም አልተንቀጠቀጠም። ሕዝቡ መሬት መሬቱን አየ። መሪጌታውም በዚህኛው ይበል አላሉም።

ስንበተን አያ ታከለ ቅጥሩ በር ላይ ጠበቁኝ። ጭቃ ሹሙ ከኋላዬ እግር በእግር ይመጣል። «ልጄ፣ እኔ ቅኔ አላውቅም» አሉኝ። «ይህን ሁሉ ሰው ምን እንዳስደነገጠውም አልገባኝ። አንዲት ነገር ብቻ ንገረኝ። ዛፉ ይወድቃል ወይስ አይወድቅም?»

ዓይናቸውን አየሁ። የጭቃ ሹሙን ጫማ አየሁ።

«አይወድቅም፣ አያ» አልሁ።

«እንግዲያስ ተመስገን» አሉ። «የተማረ ሰው ካለ ምን እለፋለሁ!» ለአዲሱ ጎጆ የከመሩትን እንጨት በማግስቱ አጥር አደረጉት። እኔ በዚያው ሳምንት ከተማ ገባሁ። ጆሯቸው ላይ አንዲት ቃል ጥዬ መምጣት ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር? መንገድ ሲሸኙኝ ብቻችንን ነበርን እኮ። የገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን፣ ሰው የለ፣ ጭላዳ ብቻ። አልተናገርሁም። ጭላዳውንም ፈራሁት መሰለኝ።

ዛፉ በፍልሰታ ወደቀ። የአያ ታከለ ባለቤት ቅዳሴ ሄደው ስለነበር ተረፉ። እሳቸው ግን የታመመ በሬ ሲያስታምሙ ጎጆው ውስጥ ነበሩ።

ለተዝካሩ ወጣሁ። ዛፉ ጎጆው ላይ እንደተጋደመ ነበር፤ አሁንም የደብር ነውና ማን ያንሣው? ባለቤታቸው አንገቴን አቅፈው «ይወድህ ነበር» ብለው አለቀሱ። ያን ጊዜ አፈር በሆንሁ። መሪጌታው ወደ ዳር ሳብ አደረጉኝና በጆሮዬ እንዲህ አሉኝ፦ «ሁለተኛው ቅኔህ ከፊተኛው በለጠ። ሺህ ዓመት ይቆማል ስትል ውዳሴ መስሎን ነበር። ለካ ወርቁ ወዲህ ኖሯል! ይበል!»

በዚያ ሁሉ ሊቅ መካከል ስለ ዛፍ እንደማወራ የገባው አንድ ሰው ነበር፤ እኔም እሱን ዋሸሁት። ዝም አይነቅዝም ያሉትን አበው መንቀፌ አይደለም። ግን ይነቅዛል። እጄን እስከ ብብቴ ሰድጄ አይቼዋለሁ።

ከተዝካሩ መልስ ሆዴ እንደገና እንቢ ስላለኝ ሐኪሙ ዘንድ ሄድሁ። ገና ሲያየኝ ፈገግ ብሎ «እህ፣ እንዴት ነው? ያዘዝሁልህን ዛፍ አየኸው?» አለኝ።

በሩን አየሁ። ዝግ ነው።

«የትኛውን ዛፍ?» አልሁት።