የጋሽ ሽብሩ ሰላሳ ደቂቃ

ትናንት በሕልሜ አርባ ኮምፒውተሮች ቢሮዬ በር ላይ ተሰልፈው ሰው ሲጠብቁ አየሁ። በእውኑ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ የዩኒቨርሲቲያችንን አርባ ኮምፒውተሮች ለተመራማሪዎች በተራ የማከፋፍለው እኔ ነኝ፣ የሚሰለፈውም ሰው ነው። በሕልሜ ግን ኮምፒውተሮቹ ገመዳቸውን እንደ ነጠላ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የተራ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይዘው ይገፋፉ ነበር።

«ወንድሜ፣ ሰው አለ?» አለኝ ከፊት ያለው።

«አልቋል።»

«ግማሽም ቢሆን እንወስዳለን።»

ከሰልፉ መጨረሻ የድሮው የኮሌጅ ኮምፒውተራችን ቆሟል። በአቧራ መከላከያ ጨርቁና ከፊደል ገበታው በወለቀችው ቁልፉ ለየሁት። ያኔ እሱ አንድ፣ እኛ አሥራ አንድ ነበርን። የክፍሉ ጠባቂ ጋሽ ሽብሩ ኮምፒውተር መክፈት እንኳ አያውቁም፤ ደብተርና ደወል ግን ነበራቸው። ለእያንዳንዳችን ሰላሳ ደቂቃ። ደወሉ ሲጮኽ ዓረፍተ ነገሩን ሳንጨርስ እንነሣለን። ፈተና የደረሰበት ካለ ከራሳችን ላይ አሥር ደቂቃ እንመርቅለታለን። ተራ ሳይደርሰው ወደ ቤቱ የሄደ ሰው አላስታውስም።

«ይድኔ፣» አለኝ አሮጌው ኮምፒውተር፣ «ያቺን የዝናብ ትንበያ የምታጠናውን ልጅ፣ ወይንሸትን፣ ለሰላሳ ደቂቃ ስጠኝ። መመረቂያ ጽሑፏን ነገ ታስረክባለች።»

ዘወር ስል አንድ ግዙፍ ኮምፒውተር ወይንሸትን ጨምሮ አርባ ሰው አቅፎ ተቀምጧል። የእኔን ሹራብ ለብሷል። ጋሽ ሽብሩ በዚያው በድሮው ካፖርታቸው ከተፍ አሉ።

«አንተ!» አሉት ግዙፉን፣ «ይህን ሁሉ ሰው ምን ልታደርገው ነው?»

«ምንም። ለሙከራ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«ሰዓት አልተነገረኝም፣ ጋሼ።»

ጋሽ ሽብሩ ወደ እኔ ዞረው ደወሉን ሰጡኝ። «በል አንተ ምታው፤ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ።»

መታሁት። ስልኬ ነበር የሚጮኸው። ወይንሸት ናት።

«ይድነቃቸው፣ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የማስረክበው! ሦስት ቀን ሙሉ ተራ ስጠብቅ አንድ ሰው አርባውንም ይዞ አልለቅም ብሏል። ማን አባቱ ነው እሱ?»

እንቅልፌ ሳይለቀኝ ላፕቶፔን ከፍቼ የተራ ዝርዝሩን አየሁ። አርባውንም የያዘው ሐሙስ ዕለት ያስጀመርኩት፣ የሰዓት ገደብ ማስገባት የረሳሁት የራሴው ሥራ ነው። ስሙም «ድልድሉ ፍትሐዊ መሆኑን ማረጋገጫ ሙከራ» ይላል።

«ሃሎ?» አለች ወይንሸት። «አገኘኸው? ማነው?»