በቁም መገፈፍ

ዘንድሮ ስልክ የማይልከው ነገር የለም። የእናንተ ምን እንደሚልክ አላውቅም። የባለቤቴ የጋሻው ስልክ ግን በየጠዋቱ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይልካል። ቃሉ ከመጣ በኋላ ታዲያ እኛ ቤት ሰላም የለም። ሽሮውም፣ ጎረቤቱም፣ የቧንቧው መጥፋትም በዚያ ቃል ይጠራል። እኔ ሆስፒታል ቁስል ሳጥብ የምውል ነርስ ነኝ። ደክሞኝ ስገባ የሚጠብቀኝ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው።

አንድ ሐሙስ እራት ላይ ነገ ቢሮ ሙሉቀንን ኤክስኮሪዬት ላደርገው ነው አለኝ። ክው አልኩ። ቃሉን እኛ ክፍል በደንብ እናውቀዋለን። ሰው ከሞተር ሳይክል ወድቆ አስፋልት ላይ ሲጎተት፣ ቆዳው ሲላጥ፣ ካርዱ ላይ የምንጽፈው እሱኑ ነው። ልትልጠው ነው እንዴ አልኩት። ጋሻው ሳቀብኝ። ሰውን በአደባባይ ክፉኛ መተቸት ማለት ነው፣ ብርቅ ቃል ነው፣ ሁሉም ሰው አያውቀውም አለ።

ቃሉ ብርቅ ይሁን። ሥራው ግን ምኑ ብርቅ ነው? እኛ እንወቅሳለን፣ እንገሥጻለን፣ እንዘልፋለን፣ እናብጠለጥላለን፣ ልክ ልኩን እንነግራለን። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ ግምገማ የሚባል ስብሰባ አለን። የታሸገ ውሃ ሳይቀር ይቀርብበታል።

ጋሻው አራዳ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የቡድን መሪ ነው። ሙሉቀን ደግሞ በሥሩ የሚሠራ የድሮ ጓደኛው ነው። ሰሞኑን በየቀኑ ያረፍዳል። ኃላፊያቸው ጋሻውን ጠርተው፣ ዓርብ በግምገማው ሙሉቀንን ካላነሳኸው አንተን እናነሳሃለን ብለውታል። የመጀመሪያው ማንሳት በስም ነው፣ ሁለተኛው ከወንበር።

የጋሻው አባት አያ ታከለ እግራቸው ቆስሎ ከኮላ ድባ መጥተው እኛ ጋ ሰንብተዋል። ቁስሉን የማጥብላቸው እኔ ነኝ። ምን እንደምንባባል ጠየቁኝ። ቃሉ በመነሻው ቆዳ መግፈፍ ማለት ነው አልኳቸው።

"ምነው፣ እኛ በግ እንኳ የምንገፍፍ አርደን ነው" አሉ። "የናንተ መሥሪያ ቤት በቁሙ ነው የሚገፍፍ?"

ጋሻው እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

በማግስቱ ማልዶ ሙሉቀን ቤት ሄደ። የሚመጣውን እንኳ ቀድሜ ላስጠንቅቀው ብሎ ነው። ሙሉቀን በሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። እናቱ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የግራውን ጫማ በቀኝ አድርገው፣ አገሬ እንፍራንዝ ልሂድበት፣ እናቴ ትጠብቀኛለች ይሉታል። እናታቸው ከሞቱ ስንት ዘመን! እኚያ ጨዋ ሴት በእርጅና አእምሯቸውን ስተዋል። ሙሉቀን በሩን ለቅቆ ሥራ የሚሄደው ጎረቤታቸው ከኪዳን ጸሎት ተመልሳ እናቱን ስትረከበው ነው፣ እሷም አንዳንድ ቀን ትዘገያለች።

ጋሻው ምነው ሳትነግረኝ ቢለው፣ ሙሉቀን አንድ ነገር ብቻ ለመነው። እናቴ በሰው ፊት ቀና ብላ የኖረች ሴት ናት፣ ስሟን ስብሰባ ላይ እንዳታነሳብኝ አለው። ጋሻው ይህን ሲነግረኝ እንባዬ መጣ።

በግምገማው ጋሻው የሙሉቀንን ስም አላነሳም። ስለ ሰዓት ሲጠየቅ ችግሩ የኔ ነው አለ። ከዚያማ ምን ቀረ? እየተነሱ ወረዱበት። ወገንተኛ ነው፣ ልፍስፍስ ነው፣ ሥራውን በወዳጅነት ይመራል። ግምገማ ላይ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ይጠረጠራል። ስለዚህ ተራው ሲደርስ ሙሉቀንም እጁን አወጣ። ቡድን መሪያችን ሰዓት አያስከብርም አለ።

ጋሻው ማታ ይህን ሁሉ አወራልን። ከቡድን መሪነቱም ተነስቷል። እኔ በንዴት በገዛ ቋንቋዬ ያለውን ስድብ ሁሉ ለሙሉቀን አዋጣሁለት። አያ ታከለ ግን ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት።

"አርደውህ ነው በቁምህ?"

"በቁሜ ነው አባ።"

"ሸጋ። ካላረዱህስ ቆዳው ይመለሳል" አሉና እግራቸውን ለፋሻ ዘረጉልኝ።

ቅዳሜ ሙሉቀን መጥቶ ደጃፋችን ላይ ቆመ። እኔ ግባ አላልኩትም። ያስገቡት አያ ታከለ ናቸው። ዝም ብል ለምን ዝም አልክ ይሉኛል፣ ሩቅ ወረዳ ቢያዛውሩኝ እናቴን ለማን እተዋታለሁ ብዬ ፈራሁ አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ጋሻው የጠየቀው ስለ ግምገማው አልነበረም። ጎረቤቲቱ ስንት ሰዓት ትመጣለች አለው።

ሰኞ ሙሉቀን በሰዓቱ ቢሮ ገባ። ኃላፊው ግምገማው ፍሬ አፈራ ብለው ደስ አላቸው። ያረፈደው ጋሻው ነው። በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ እንፍራንዝ በኋላ አብረን እንሄዳለን እያለ የሙሉቀንን እናት ያባብል ነበር።

አሁን በፈረቃ ሆኗል። አንድ ቀን አንዱ ያረፍዳል፣ ሌላ ቀን ሌላው። ኃላፊው ማንን እንደሚያነሱ ግራ ገብቷቸዋል። አያ ታከለም እግራቸው ድኖ እንኳ ወደ አገራቸው አልሄዱም። ጠዋት ጠዋት ጋሻው ጫማውን ሲያስር ጠብቀው ይጠይቁታል።

"ዛሬስ የማን ቆዳ ተራ ነው?"