አንድ ኮከብ ለዘምዘም

እኛ አካባቢ ሰው የሠራውን ነገር ፊት ለፊት ማጣጣል አይሆንልንም። ጎረቤት ያሰፋውን ቀሚስ፣ አዲስ የመታውን ቆርቆሮ፣ ጨው የበዛበትን ወጥ ሳይቀር «ማሻአላህ!» ብለን እናልፋለን፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። ትችት ካለን ቤታችን ገብተን፣ በር ዘግተን፣ ለሚስታችን ነው የምንነግረው። እናላችሁ፣ ዓለም ሁሉ ተሰልፎ የሰው ሥራ የሚተችበት፣ ኮከብም የሚሰጥበት የጨዋታ ሱቅ ኢንተርኔት ላይ አለ ሲሉኝ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የባለጌ ገበያ ነበር የመሰለኝ።

ስለ ሱቁ የነገረችኝ ዘምዘም ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኳት ልጅ። ሳዑዲ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ ተመላሾች በገፍ በመጡበት ዓመት አንድ ሻንጣና የአሠሪዋ ልጆች የጣሉትን ላፕቶፕ ይዛ መካነ ሰላም ገባች። እዚያ ላይ አጎንብሳ ከርማ የስልክ ጨዋታ ሠራች። ብቻዋን! ጨዋታው ሚኒባስ መንዳት ነው። ከመካነ ሰላም ተነሥታችሁ ወደ አቀስታ ትነዳላችሁ፤ መንገዱን ጉም ውጦታል። ጥሩምባ ስትነፉ ጉሙ ትንሽ ገለጥ ይልና ጋቢ የተከናነበ ሰው ወይ የጠፋች በግ ብቅ ይላል፤ ሰውየውን ትጭናላችሁ፣ በጓን ታሳልፋላችሁ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። እኔ ጡረተኛው ግን መነጽሬን አጥልቄ ስነዳ ስነዳ፣ የመስኮቴ ጉም የትኛው፣ የስልኩ ጉም የትኛው እንደሆነ ይጠፋኝ ነበር። አንዳንዴ ከኋላዬ የተቀመጡት የሞቱ ባልደረቦቼ ይመስሉኛል፤ ዞር ብዬ ሰላም ልላቸው ይቃጣኛል። አቀስታ ባልደርስም ቅር አይለኝም።

ዘምዘም ግን መድረስ ነበረባት። «ጋሼ፣» አለችኝ አንድ ቀን፣ «እዚያ ሱቅ ውስጥ ያለው ጨዋታ ስፍር ቁጥር የለውም። ሰው አስተያየት ካልጻፈበትና ኮከብ ካልሰጠው ታች ይቀበራል። እስከ መስከረም የማያውቁኝ ሰዎች ካላወረዱት፣ ተመልሼ እሄዳለሁ። የአክስቴ ልጅ ቪዛ ልትልክልኝ ነው።»

እናቷ እትዬ ከድጃ አጠገባችን ቁጭ ብለው ምስር ይለቅማሉ። ቀናም አላሉ። «አላህ ያለው ይሆናል» ብቻ አሉ።

«የኮከቡን ነገር ለእኔ ተዪው!» አልኳት። እሷ ለፓስፖርቷ ጉዳይ ደሴ ሄደች።

እኔ እንግዲህ ሠላሳ ዓመት የተማሪ ካርድ ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰፈሩን ሞባይል ቤት ሰበሰብኩት። የሞባይል ቤቱ ባለቤት ለየሰዉ ኢሜይል ይከፍታል፣ እኔ የሚሉኝን እጽፋለሁ። ኮከቦቹ ከአንድ እስከ አምስት ናቸው። የሰፈራችን ሽማግሌ ሸህ ይመር ስልኩን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ካዩ በኋላ፣ «መምህር፣ ስንተኛ እናውጣት?» አሉኝ።

ይሄ ጥያቄ ነው? «አንደኛ ነዋ!»

ልጅቱን ማን ጨክኖ አምስተኛ ያወጣታል? ደግሞ ያኔ ቀበሌው በሙሉ አንድ ለአምስት ተደራጅቶ ነበር፤ አንዱ መሪ፣ አምስቱ ተመሪ መሆናቸውን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ሁላችንም አንድ አንድ ኮከብ ሰጠን። ከሥሩም «አላህ ያሳድግሽ»፣ «እመቤቴ ትከተልሽ» እያልን መረቅን። ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ዘምዘም ከደሴ ስትመለስ ስልኳን ከፍታ ደርቃ ቀረች። «ጋሼ፣ ምን በድያችሁ ነው?» ለካ በዚያ ሱቅ አንድ ኮከብ ማለት የመጨረሻው ውራ ማለት ኖሯል! ሱቁም ጨዋታውን ከሁሉ ሥር ወርውሮታል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቤት ለቤት ዞሬ «ወደ አምስት ቀይሩ» ብል ሸህ ይመር ቱግ አሉ። «ምን ነካዎት መምህር? ከአንደኝነት ላውርዳት? ወላሂ አላደርገውም!» ሌላውም እሳቸውን አይቶ እምቢ አለ።

እያፈርኩ ተመልሼ ልነግራት ስሄድ፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጣ የተጻፈውን አንድ በአንድ ታነባለች። መጀመሪያ በንዴት፣ ኋላ ግን እየሳቀች። ከዚያ ስልኩን ሰጠችኝ። በእጄ የጻፍኩት ነው፤ እትዬ ከድጃ ሰው እንዳይሰማቸው ጆሮዬ ሥር ሹክ ያሉኝ፦

«ጨዋታው ደስ ይላል። የሠራችው ልጄ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶ እየመሰለኝ ኖሬአለሁ። አጠገቤ ሆና ብትቸገር ይሻለኛል። እናንተ የሱቁ ሰዎች፣ እንዳትሄድብኝ አንደኛ አርጉልኝ።»

«ለእኔ እኮ አንድ ቀን ሂጂም ቅሪም ብላኝ አታውቅም» አለች ዘምዘም። እንባዋ መጣ። እኔ ጉሙን አያለሁ። እትዬ ከድጃ ከውስጥ ሆነው ዕቃ ያንኳኳሉ፤ ሰምተውናል።

በሳምንቱ ሱቁ ጽዳት አደረገ። የጥራት ቁጥጥር ይሉታል። የእኛን ምርቃት ሁሉ ትቶ የእትዬ ከድጃን ጽሑፍ ብቻ መርጦ ሰረዘው፤ ምክንያቱን ሲያስታውቅም «አስተያየቱ ጨዋታውን አይመለከትም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ምን ይባላል! ጨዋታው ዛሬም እታች እንደተቀበረ ነው፤ እንግዳ ሰው አላወረደውም። ቪዛው በጥቅምት መጣ። ዘምዘም ሳትጠቀምበት ቀኑ አለፈ።